ሸሚዝ የማይገባበት ደጅ

ሳንኩኒ ናየር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ወሩ ሚያዝያ ነው። ሕንድ፣ ኬረላ ውስጥ በሚያዝያ ሙቀት ሸሚዝ ለብሶ በገዛ በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ወንድ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከባንክ የመጣ ሰው ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ደረታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ነው የሚውሉት። እሱም ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያው ነበር። እንዲያውም ከሁሉም የባሰ እሱ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር በነበረበት ዘመን የደንብ ልብሱን ላይኛ ቁልፎች ቆልፎ አያውቅም፤ ደረቱ ላይ ያለው ጥቁር ጠጉር ከአንገትጌው ወጥቶ እየታየ ተሳፋሪው ሁሉ «ድቡ» ይለው ነበር። «ድቡ ነው ዛሬ የሚነዳው?» ብለው ይጠይቁና፣ እሱ ከሆነ በሰዓቱ እንደሚደርሱ አውቀው ይሳፈራሉ። ስሙን ይወደው ነበር።

አሁን ወላፈኑ መጣበት። ከሆዱ ነው የሚነሳው። አንድ ሰው ከውስጥ ምድጃ እንደከፈተበት ሁሉ ወደ ደረቱ ይወጣል፣ አንገቱን ይይዘዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ከዚያ ላቡ ይዘንባል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። እጁ ሳያስበው ወደ ቁልፉ ሄደ፤ አንዱን ፈታ፤ ሁለተኛውን ሊፈታ ሲል ትዝ አለውና መልሶ ቆለፈው። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው አያውቅም።

ከሸሚዙ ሥር ጡት አለ። መጀመሪያ «ወፍሬ ነው» ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞክሮ ነበር፤ እውነትም ወፍሯል፣ ሆዱም ወጥቷል። ግን የወፈረ ሰው ደረትና ይህ አንድ አይደሉም። ይህ ጠንከር ያለ እብጠት አለው፣ ይነዘንዘዋል፣ ጨርቅ ሲነካው ያማል፣ በመስታወት ሲያየው ገና ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ደረት ይመስላል። ጠጉሩ ደግሞ ረግፎ አልቋል። ድቡ ቆዳው ተገፎ ሄዷል፤ የቀረው ሳንኩኒ ነው።

ነገሩ የመጣው ከመርፌው ጋር ነው። ባለፈው ዓመት ሽንት ሲያስቸግረው ከተማ ሄዶ ተመረመረ፤ የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ አጥንቱንም ነክቶት ነበር። ሐኪሟ፣ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት፣ ቀስ ብላ አስረዳችው። ካንሰሩ የሚመገበው የወንድነትዎን ሆርሞን ነው፣ እኛ በመርፌ ሆርሞኑን እናደርቀዋለን፣ እሱም ይራባል አለችው። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እምብርቱ ሥር ይወጋል። በሽታውም እውነትም ተራበ። ሐኪሟ የደም ምርመራውን ባየች ቁጥር ፊቷ ይበራል፤ «ተኝቷል፣ በጣም ጥሩ ነው» ትላለች። አብሮት የተኛው ማን እንደሆነ ግን ሳንኩኒ ለመጠየቅ አፈረ። ክንዱ ኮኮናት መፈልፈል አቃተው። የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ምራት ከአማቷ ስትጣላ እንባው ይመጣል። ከሚስቱ ጎን ይተኛል፣ ግን ያ ነገር ከሐሳቡም ከአካሉም ወጥቶ ሄዷል፤ ፈልጎ ቢያጣው እንኳ አንድ ነገር ነበር፣ እሱ ግን መፈለጉንም ነው ያጣው።

«መጣብህ?» አለች ዴቫኪ ከወጥ ቤት በመጋረጃው ቀዳዳ እያየችው።

«መጣ።»

የኮኮናት ዝንጣፊ ማራገቢያዋን ይዛ ወጣችና ከኋላው ቆማ ታራግብለት ጀመር። ዴቫኪ እያራገበች ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«አሁን ገባህ አይደል? እኔ በዚያ ዕድሜዬ እሳት ሲነድብኝ፣ ‹ሴትዮ፣ የጣሪያውን ማራገቢያ አጥፊው፣ በረደኝ› እያልክ ተነስተህ ታጠፋብኝ የነበርከው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ?»

«ኧረ ጎረቤት ነው! አንሶላ ተከናንበህ ታንኮራፋ ነበር፤ እኔ ወለሉ ላይ ወርጄ ሲሚንቶው ላይ እተኛ ነበር።»

«አላወቅኩም ነበር፣ ዴቫኪ።»

«መች ጠየቅከኝና ልታውቅ?» አለችና ማራገቧን ቀጠለች። ከተናገረችው ይልቅ ማራገቧ ነው ልቡን የነካው፤ እንባው መጣ። እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ልጃቸው ስሚታ ሕፃኗን ታቅፋ ከውጭ የመጣችው ያኔ ነው። ስሚታ ከባሏ ጋር ዶሃ ነው የምትኖረው፤ እንደ ወጉ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ፣ ልጅቷን ኒላን ወልዳ እዚሁ ታርሳ እዚሁ ሰንብታለች። ከብዙ ዓመት ልመና በኋላ የተገኘች ልጅ ናት። ከመቅደሱ እየመጣች ስለነበር ግንባሯ ላይ የሰንደል እንጨት ቅባት አለ፤ ደስ ብሏታል።

«አባዬ፣ ኒላ እህል የምትቀምስበት ቀን ተቆረጠ! የፊታችን ሐሙስ ሳምንት። ካህኑ ራሳቸው ናቸው የሚያደርጉት። የመጀመሪያ ሩዟን የምታጎርሳት አንተ ነህ፤ ጭንህ ላይ ነው የምትቀመጠው።»

ሳንኩኒ እጁን ወደ አንገትጌው ሰደደ። ሐኪሟ ስለ አጥንቱ የነገረችው ዕለት እሱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቃት፦ «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ የልጅ ልጄን ሩዝ አጎርሳለሁ?» ሌላው ሰው ስንት ዓመት እኖራለሁ ይላል። እሱ የፈለገው ያንን አንድ ጠዋት ነበር። ለዚያች ጠዋት ብሎ ነው ሆዱን ለመርፌ የሰጠው።

ችግሩ የመቅደሱ ደጅ ነው። በዚያ ደጅ ሸሚዝ አይገባም። ዳኛም ይሁን ለማኝ፣ ወንድ የሆነ ሁሉ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው አምላክ ፊት የሚቆመው። ሳንኩኒ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ምንም ሐሳብ ሸሚዙን አውልቆ ሲገባበት የኖረ ደጅ ነው፤ ደጅ መሆኑን እንኳ ልብ ብሎት አያውቅም ነበር።

«እዚሁ ቤት ብናደርገውስ?» አለ በመጨረሻ። «ብዙ ሰው ቤቱ ያደርጋል።»

«ስለት ነው!» አለች ዴቫኪ። «‹ለልጄ ልጅ ስጫት እንጂ እፊትሽ አምጥቼ አበላዋለሁ› ብዬ ለአምላኳ የተሳልኩት እኔ ነኝ። አምላክ ፊት ልታስዋሸኝ ነው?» ይህን እንዳለች ለምን እንደጠየቀ ገባትና ማራገቢያዋ ቆመ።

«እንግዲያው ባላን ይያዛት። አጎት አይደል? አጎትም ይሆናል።»

ባላን የዴቫኪ ወንድም ነው፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ቀልደኛ፣ ሰው የሚነካበትን ቦታ ሳያጣ የሚነካ። ሳንኩኒና እሱ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ሲጎሻሸሙ ነው የኖሩት። እና ሳንኩኒ በገዛ አፉ ባላን ይያዛት ሲል ስሚታ ነገሩ የምር መሆኑ ገባት።

«የባሌ አባት ሞተዋል» አለች። «ባሌ ፈቃድ ከልክለውታል። ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ። አትፈልግም እንዴ?»

«እግሬን ያመኛል፤ መሬት ላይ መቀመጥ...»

ስሚታ ሕፃኗን አስተካክላ ታቀፈችና ወደ ቤት ገባች።

በሳምንቱ መጀመሪያ ከተማ ቀጠሮ ነበረው፤ በባጃጅ ሄዱ። ሐኪሟ ፊት ሲቀርብ «እንዴት ነዎት?» ስትለው እንደ ሁልጊዜው «ደህና ነኝ» አለ። ዴቫኪ ግን አላስቻላትም፤ «ደህና አይደለም፣ ዶክተር፤ ጡት አብቅሏል፤ ሸሚዙን አያወልቅም፤ ሲነድበት ይውላል» አለች በአንድ ትንፋሽ። ሳንኩኒ ግድግዳው ላይ ያለውን የኩላሊት ሥዕል ማየት ጀመረ።

ሐኪሟ መረመረችው። እጆቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ሲነካ ያመመውን ዋጥ አደረገው። ጨርሳ ስትቀመጥ ፊቷ ላይ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነበር።

«ሲጀምር ቢነግሩኝ ኖሮ የሚሰጥ ነገር ነበር። ክኒንም አለ፣ ትንሽ ጨረርም አለ። አንዴ እንዲህ ከሆነ በኋላ ግን ብዙም አይመለስም። ለምን ዝም አሉ?»

ምን ይበላት? ልጁ የምታክል ሴት ፊት ደረቱን ገልጦ ጡቴ አበጠ ይበላት?

«የዛሬውን መርፌ ብናሳልፈውስ?» አለ። «አንዱን ብቻ። አንድ ቀን አለብኝ፣ አንድ ጠዋት።»

«ብናሳልፈው ለዚያ ጠዋት ምንም አይጠቅምዎትም። ደረትዎ በሳምንት አይጎድልም። በሽታው ግን ይነቃል።»

እዚያው አለቀሰ። ከምርመራው በኋላ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቁት ያዩታል። «እንባውም ከመርፌው ነው፣ አይጨነቁ» አለችው ሐኪሟ ልታጽናናው ብላ። ይሄኛው ይባስ አበገነው። የገዛ እንባው እንኳ የእሱ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ነርሷ መጥታ ወጋችው።

ያን ቀን ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነው ሳንኩኒ ዘመዱን የገደለው።

ናየሮች፣ የሳንኩኒ ጎሳ፣ ዘመድ ሲሞትባቸው ከግማሽ ወር በላይ መቅደስ አይገቡም፤ የሞት ርኩሰት ይይዛቸዋል። ርኩሰቱ ደግሞ በእናት ሐረግ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የሳንኩኒ የእናቱ ወገን ቢሞት እሱን ያስቀረዋል እንጂ ስሚታንና ኒላን አይነካቸውም፤ እነሱ የዴቫኪ ወገን ናቸው። ሳንኩኒ ይህን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ በደንብ አሰላው። የእናቱ እህት ልጅ ቻንዱ ኮይምባቶር ከተማ ነው ያለው፤ ከተጠያየቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሽማግሌ ነው፤ ቢሞት የሚገርም የለም። እናም ለዴቫኪ «ቻንዱ አርፏል፣ አሁን ደውለው ነገሩኝ» አላት። ፊቱን ማዘን አላስቸገረውም፤ እንባ እንደሆነ ሁልጊዜ አለ።

ዴቫኪ ትክ ብላ አየችው። «መቼ ነው የደወሉልህ? ስልኩ እኔ ጋ ነው ያለው።»

«ቅድም።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ስሚታም ወጥታ ለአጎቷ ደወለች። ባላን በደስታ ተቀበለ፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ በረንዳው ድረስ ይሰማ ነበር። ሳንኩኒ ልቡ ዐረፈ፤ ወዲያውም አዘነ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት። ባላን ያቺን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያጎርሳት ታየው፣ ከአጥሩ ውጭ ሸሚዙን ለብሶ የተቀመጠ ሽማግሌም ታየው።

ያላሰላው ግን እህቱን ናራያኒን ነው። የቻንዱ ሞት እሷንም ይይዛታል። ወሬው ሲደርሳት፣ ያ የታመመ ጉልበቷን ይዛ ኩሬ ወርዳ በቀዝቃዛ ውኃ ተነከረች፣ የቤቷን የጸሎት መብራት አጠፋች፣ ለበዓል ያዘጋጀችውን ሁሉ ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያ ደግሞ፣ አልቅሳ የማትጠግብ ሴት ናትና፣ የልቅሶውን ነገር ልትጠይቅ ኮይምባቶር ደወለች። በማግስቱ ጠዋት በሳንኩኒ ግቢ መንገድ ላይ እያነከሰች ስትመጣ ድምፅዋ ቀድሟት ደረሰ።

«ጋሼ! ራሱ አነሳው! ሰማህ? ‹ሄሎ፣ ማን ልበል?› አለኝ! የሞተው ሰው ማን ልበል አለኝ!»

«ናራያኒ፣ ቀስ በይ...»

«ቀስ ልበል? ‹እንዴት ሞትክ› ልለው ነበር እኮ! ሚስቱ ስልኩን ቀምታ ‹ምን ክፉ አፍ ነው› ብላ ሰደበችኝ! ማነው የነገረህ? ማን ነው የደወለልህ? እስቲ ንገረኝ፣ ሄጄ ፀጉሩን ልንጭለት!»

ሳንኩኒ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ወላፈኑ መጣ። ስሚታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉን ሰምታለች። የሚያልበውን አባቷን አየችና የውሸት ላብ መሰላት።

«ልጄን ላለመያዝ ብለህ ነው?» አለች ቀስ ብላ። «ሰው የምትገድለው?»

«ስሚታ፣ እንደዚያ አይደለም።»

«እንግዲያው እንዴት ነው? ንገረኛ! ከመጣሁ ጀምሮ አቅፈሃት አታውቅም። ስሰጥህ ክንድህን ዘርግተህ፣ እንደ ሰው ዕቃ ከሰውነትህ አርቀህ ትይዛትና ወዲያው ትመልስልኛለህ። ምን አድርጋህ ነው? ሴት ስለሆነች ነው?»

ደረቱን ስለሚያመው ነው። ወደ ደረቱ ሲያስጠጋት ጭንቅላቷ የሚነካው ቦታ ስለሚያመው፣ ያንንም ትንሽዬ ለስላሳ ነገር ልጁ እንዳታይ ስለሚፈራ ነው። ዴቫኪ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ግን ስለ ደረቱ ለስሚታ እንዳትነግራት በኒላ ስም አስምሏታል፤ ስለዚህ ከንፈሯን ነክሳ ናራያኒን ይዛ ውኃ ልታጠጣት ገባች።

«እይዛታለሁ» አለ ሳንኩኒ። «ሐሙስ እኔ እይዛታለሁ።»

ስሚታ አላመነችውም፤ ግን ለአጎቷ መልሳ ደወለች።

ሐሙስ ዕለት በጠዋቱ ሄዱ። ዴቫኪ ከቤቱ ሁሉ ትልቁን ፎጣ መርጣ፣ አጥባ፣ በሩዝ ውኃ ነክራ አድርቃ ጠንከር እንዲል አድርጋዋለች። ከመቅደሱ ደጅ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ሳንኩኒ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ሸሚዙን አወለቀና ፎጣውን በሁለቱ ትከሻዎቹ አድርጎ ወደፊት ጣለው፤ ጫፎቹን በክርኖቹ ጨምቆ ያዛቸው። ባላን ሰፊ ደረቱንና ትልቅ ሆዱን እያሳየ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

«ኧረ ድቡ! ምነው እንደ ሙሽሪት ተሸፋፈንክ? ወይስ የቻንዱ ሐዘን ገና አልወጣልህም?»

ቤተሰቡ ሳቀ፤ ስሚታ ብቻ አልሳቀችም። ሳንኩኒም ለመሳቅ ሞከረ። ያን ጊዜ እንኳ ተስፋ ነበረው፤ አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፣ ካህኑ ያረጁ ናቸው፣ ፎጣው ትልቅ ነው።

በአዳራሹ ሌሎችም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የእነ ሳንኩኒ ተራ ሲደርስ መሬት ላይ ምንጣፉ ተነጠፈ፣ የነሐሱ መብራት በራ፣ የሙዝ ቅጠሉ ላይ ሩዙ ቀረበ። ሳንኩኒ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ካህኑ ከውስጥ ወጥተው አዩት፣ እጃቸውንም አወናጨፉ።

«ፎጣው ወገብ ላይ!»

ያልሰማ መሰለ። ካህኑ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ እንደ ደንቆሮ ሁሉ ይጮኻሉ። «አንተ ሰው! አምላክ ፊት ነው ያለኸው! ፎጣውን አውርድ፣ ወገብህ ላይ እሰር!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። ሳንኩኒ ፎጣውን አወረደ። ወገቡ ላይ ሲያስረው ቋጠሮው ከጣቶቹ ሁለቴ ስላመለጠው ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ደረቱ መብራቱ ፊት ነበር።

ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ባላንን ነው። ባላን ቀልዱን አፉ ላይ አድርሶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ አፉ ተከደነ። ዓይኑን ወደ መብራቱ አዞረና እዚያው ተከለው። በዚያ ሁሉ ዓመት ባላን ያለፈው ቀልድ የለም፤ በሬሳ ላይ እንኳ ቀልዷል። ሳንኩኒ ሊሰደብ፣ ሊሳቅበት ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ባላን ያዝንልኛል ብሎ ግን አላሰበም። ያኔ ነው ምን እንደሚመስል በትክክል የገባው።

ስሚታ የሕፃኗን የወገብ ክር እያስተካከለች ስለነበር አላየችም። ጎንበስ ብላ ኒላን ጭኑ ላይ ስታስቀምጥለት ነው ዓይኗ የወደቀበት። እጇ ልጅቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እናቷን አየች፤ ዴቫኪ ራሷን ነቀነቀችላት።

«አባዬ» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ኒላ ርቧታል። ሩዙን እንድትቀበል ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባችም። ጭኑ ላይ ተገላበጠች፣ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፣ አፏን ከፍታ በጉንጯ ፈለገችና አገኘች። ጎረሰችው።

ሕመሙ እስከ ብብቱ ወጋው። አልጮኸም። ሊያላቅቃት ፈለገ፤ ግን አንዱን እጁን ቢለቅ ሌላው ብቻውን የሚይዛት አልመሰለውም፤ ሁለቱም ክንዶቹ ቀድሞውኑ እየተንቀጠቀጡ ነው። ያ አውቶቡስ ሲያዞር የኖረ ክንድ አምስት ወር ያልሞላት ልጅ ከበደችው። እናም ቁጭ እንዳለ ያዛት፣ እሷም በኃይል ትስባለች።

ከወረፋው አንዲት ሴት «ውይ፣ አያቷ እናቷ መሰሏት!» ብላ ሳቀች። ክፋት አልነበራትም፤ ሕፃን ሲያደርገው የሚያስቅ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ሰው ተከትሏት ሳቀ። ከዚያ ደረቱን ልብ ብለው አዩና ሳቁ በመሃል ተቆረጠ፤ ከሳቁ ዝምታው ከፋ።

ኒላ ሳበች፣ ሳበች፣ ምንም የለም። ለቀቀችና ተንፈቅፍቃ ማልቀስ ጀመረች። ሳንኩኒም አለቀሰ፤ ይሄኛውን እንባ መርፌው ነው ያመጣው ቢሉትም አይቀበልም ነበር። እንባው አገጩ ላይ ወርዶ ልጅቷ ራስ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሩዙን!» አሉ ካህኑ። እሳቸው ሥራቸውን ነው የሚያዩት። «ሦስቴ! ሌሎች እየጠበቁ ነው!»

ስሚታ እጆቿን ዘረጋች። «አባዬ፣ ስጠኝ። ይበቃል። አጎቴ ይጨርሰው።»

«አላለቀም» አለ። «ደግፊልኝ ብቻ።»

ስሚታ ከጎኑ ተንበርክካ መዳፏን በክንዱ ሥር አደረገች። ሳንኩኒ በጣቱ ጫፍ ከሩዙ ነክቶ ኒላ ምላስ ላይ አኖረው። ልቅሶዋን አቆመች፣ ቅንድቧን ሰበሰበች፣ ቀመሰችው፣ ግማሹን ተፋችው፣ ግማሹን ዋጠችው። ደገመላት። ሦስተኛውን ሲሰጣት ጣቱን ነከሰችበት። ጥርስ የላትም፤ በድዷ ነው። ካህኑ ውኃ ረጭተው «የሚቀጥለው!» ብለው ተጣሩ፤ ጠዋቷ በዚህ አለቀች።

ውጭ ዛፉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ባላን ሸሚዙን ይዞ መጥቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው እጅጌውን ከፍቶ አለበሰው፤ ቁልፎቹንም ራሱ ቆለፈለት። ሳንኩኒ «ተው፣ አማቼ፣ እኔ እችላለሁ» ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ግን አይችልም፣ ጣቶቹ አሁንም አልታዘዙትም። ባላን ሲጨርስ ትከሻውን ዳበስ አድርጎት ሄደ። ምነው በሰደበኝ አለ ሳንኩኒ በሆዱ።

ስሚታ ኒላን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«እኔ እኮ ጠልቷት ነው ብዬ... ለባሌ ሁሉ ነገርኩት። ‹አባቴ ልጄን አይወዳትም› አልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ከመርፌው ነው?»

«ከመርፌው ነው። ሁሉም ከመርፌው ነው፤ ሙቀቱም፣ ድካሙም።»

«መርፌው ሲቆም ይተውሃል አይደል?» ፊቷን አዞረችለት፤ ተስፋ አድርጋለች። ልጅ እያለች ከአውቶቡሱ ስትወርድ «መቼ ትመለሳለህ?» ትለው እንደነበረው ዓይነት አጠያየቅ ነው። «ጡቱ እንኳ ቢቀር፣ ሙቀቱና ሌላው ይተውሃል?»

«ይተወኛል ይላሉ።»

«መቼ ነው የሚያቆሙልህ?»

ሳንኩኒ ይህንን ሐኪሟን ጠይቆ ያውቃል፤ መልሱንም ለዴቫኪ እንኳ አልነገራትም።

«መርፌው መሥራት ሲያቆም» አለ።

ስሚታ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት፤ ኒላን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገቻት። ወላፈኑ ደግሞ ተነሳበት፤ ከሆዱ ወጥቶ አንገቱን ያዘው፣ ባላን እስከ ላይ የቆለፈው ሸሚዝ ውስጥ ላቡ ፈሰሰ። ስሚታ በልብሷ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት፤ ጠርጋ ሳትጨርስ እንደገና ይረጥባል።

«አሁን ምን ላድርግልህ፣ አባዬ?» አለች እያለቀሰች። «ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ገና መቅደሱ አልተዘጋም። ልጅቷን ስጪኝና ግቢ፣ ለምኚልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እንዳያቆሙብኝ» አለ ሳንኩኒ። «መርፌውን እንዳያቆሙብኝ ብለሽ ለምኚ።»

ስሚታ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አኑራለት፣ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ደጁ ተመለሰች።